ልጅ አባቱ ካልደረሰበት ክፍል ሲደርስ

የትምህርት ዘመን በተከፈተ ቍጥር ወላጆች አሳባቸውን የሚያሳርፉት በሁለት ነገር ላይ ነው፤ አንደኛው ትንሹ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተር ይዞ ከቤት የሚወጣበት ቀን ሲሆን፥ ሁለተኛው ትልቁ ልጅ ተፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚቀበልበት ቀን ነው። ለመጀመሪያው ቀን ልብስ ይታጠባል፤ ጫማ ይገዛል፤ እናትም እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ትሸኛለች። ለሁለተኛው ቀን ዘመድ ይጠራል፤ ቡና ይፈላል፤ እልልታ ይሰማል። በሁለቱ መካከል ያሉት ዓመታት ግን፥ ይልቁንም አራተኛ፥ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል የሚባሉት፥ ማንም ሳይቀበላቸውና ማንም ሳይሸኛቸው ያልፋሉ። ልጁ ፊደል ለይቷል፤ ስሙን ይጽፋል፤ ከገበያ የመጣውን ዕቃ ዋጋ ይደምራል፤ እንግዲህ መንገዱን ያውቀዋልና ብቻውን ይሂድ ይባላል። ብዙ ልጅ ሳይታወቅ ወደ ኋላ የሚቀረው ግን በዚሁ ማንም በማይጠብቀው ስፍራ ላይ ነው።

በኤርትራ ምድር አራተኛ ክፍል እንደ ትምህርት ፍጻሜ መቈጠሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለአገሩ ተወላጅ ልጆች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ጥቂቶች ነበሩ፤ ትምህርቱም ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ይፈለግ የነበረው ትእዛዝ የሚሰማ ወታደር፥ በአስተርጓሚነትና በዝቅተኛ ጽሕፈት የሚያገለግል ሠራተኛ፥ ለመካኒኩ መሣሪያ የሚያቀብል ረዳት ስለ ነበረ፥ ለዚህ የሚበቃ ጥቂት የኢጣልያንኛ ንባብና ጥቂት ሒሳብ ከተሰጠ በኋላ በሩ ይዘጋ ነበር። በዚያ ዘመን አራተኛ ክፍልን የፈጸመ ሰው በሰፈሩ የተከበረ ነበረ፤ ደብዳቤ ያነባል፤ አቤቱታ ይጽፋል፤ በቢሮ ደጃፍ የቆመውን ባላገር ቃል ለሹሙ ያሰማል። ይህ ክብር የሚገባው ነበር። ነገር ግን ያው ክብር ሳይታወቅ በልጆችና በልጅ ልጆች ላይ ልክ ሆኖ ቀረ፤ «አባትህ በአራት ክፍል ይህን ያህል ከሠራ አንተ በአምስት ምን ጐደለብህ?» የሚል አነጋገር የሚሰማው ከዚህ የተነሣ ነው። አራት ክፍል የሰው አእምሮ የሚደርስበት ወሰን ሳይሆን ገዥ ያቆመው አጥር መሆኑ ተረሳ።

ኢጣልያ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆና አገሩ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር እጅ ከገባ በኋላ አጥሩ ተነቃነቀ። በትግርኛና በዓረብኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ መምህር ይስሐቅ ተወልደ መድኅንን የመሰሉ የአገሩ ልጆች በትምህርት ሥራ ላይ ኃላፊነት አገኙ፤ በብዙ መንደርም ሕዝቡ ራሱ ድንጋይ እየፈለጠና እንጨት እየተሸከመ ቤቱን ሠርቶ መምህር እንዲላክለት ጠየቀ። ሆኖም አራተኛ ክፍል እንደገና የመለያያ ስፍራ ሆነ፤ ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ በሚያውቀው ቋንቋ የተማረው ልጅ ወደ መካከለኛ ትምህርት ቤት ሲያልፍ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞር ነበር። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ሲጸና ሕገ መንግሥቱ ትግርኛንና ዓረብኛን መደበኛ ቋንቋዎች አደረገ። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ ደግሞ፥ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመት፥ ማስተማሪያውም አማርኛ፥ ከሰባተኛ ክፍል በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተደረገ። ስለዚህ የምጽዋ ወይም የከረን ልጅ በቤቱ አንድ ቋንቋ፥ በታችኛው ክፍል ሁለተኛ፥ በላይኛው ክፍል ሦስተኛ ቋንቋ ይጠብቀው ነበር።

ዛሬም ነገሩ ፈጽሞ አልተለወጠም። በኤርትራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት አምስት ዓመት ሆኖ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል፤ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ግን እንግሊዝኛ ይተካዋል። በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ስምንት ዓመት ያደረገውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፥ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ እንደገና ወደ ስድስት ዓመት መልሶታል። አጥሩ ከዘመን ወደ ዘመን ስፍራ ይለውጣል እንጂ፥ ልጁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ሲሆነው በፊቱ መቆሙ አይቀርም።

እንግዲህ ወላጅ ከነዚህ ዓመታት ምን ሊጠብቅ ይገባዋል? ከሁሉ አስቀድሞ የንባብ ሥራ እንደሚለወጥ ማወቅ ይገባዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጁ የሚማረው ማንበብን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን በማንበብ ሌላውን ሁሉ ይማራል። ጂኦግራፊው፥ ታሪኩ፥ ሳይንሱ፥ የሒሳቡም ጥያቄ ሳይቀር በንባብ በኩል ይመጣል። ንባቡ ደካማ የሆነ ልጅ በአንድ ትምህርት ብቻ ሳይሆን በሁሉም ይደክማል፤ ወላጁም ልጄ ሒሳብ ጠላ ብሎ ያወራል፤ እውነቱ ግን ልጁ ሒሳብን የጠላ ሳይሆን የጥያቄው ቃል ያልገባው መሆኑ ነው።

በዚህ አገር የንባብ መለኪያ ድምፅ ሆኖ ኖሯል። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደልና አቡጊዳ ቈጥሮ፥ ወንጌለ ዮሐንስን አልፎ፥ ዳዊት የደገመ ልጅ ድግስ ይደገስለት ነበር፤ በቁርኣን ቤትም እንዲሁ ልጁ ሱራውን በቃሉ ሲያደርስ አባቱ ደስ ይለው ነበር። ይህ ሥልጠና ጆሮንና የማስታወስን ኃይል ያጠነክራልና ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን የጥንቱ ሊቃውንት ራሳቸው የንባብን ቤት ከትርጓሜ ቤት ለይተው ያቆሙት፥ ማንበብና ማስተዋል ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ መሆናቸውን ስላወቁ ነው። አምስተኛ ክፍል ልጁ ከንባብ ቤት ወደ ትርጓሜ ቤት የሚሻገርበት ዓመት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እናት ልጇ መጽሐፉን ይዞ ሳይደናቀፍ ሲወርደው ሰምታ ብትደሰት መልካም ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፉን ይክደነውና ያነበበውን በገዛ ቃሉ ይንገራት። ከነገራት አንብቧል፤ መናገር ካቃተው ገና ድምፅ አሰማ እንጂ አላነበበም።

ለምሳሌ ያህል ስለ ዝናም የሚናገር አንድ የጂኦግራፊ ትምህርት ይወሰድ። በኤርትራ ደጋ ዋናው ዝናም የሚዘንመው በክረምት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከአሥመራ በስተምሥራቅ ወደ ባሕር በሚወርደው ቍልቍለት ግን ደጋው ደርቆ ሳለ በኅዳር፥ በታኅሣሥ፥ በጥርና በየካቲት ይዘንማል። የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይህን በቃሉ አጥንቶ ወሮቹን ተራ በተራ ሊቈጥር ይችላል። መምህሩ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን የወሮቹን ስም መደርደር አይበቃውም። ምክንያቱ በነዚያ ወራት ከቀይ ባሕር የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ከተራራው ጋራ ሲጋጠም ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያዘለው እርጥበት ጉምና ዝናም ይሆናል፤ ተራራውን አልፎ ደጋው ላይ ሲደርስ ግን አብዛኛውን እርጥበቱን ጥሎታል። በዚህ በአንድ ትምህርት ውስጥ ነፋስ፥ ከፍታ፥ ብርድና እርጥበት እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይገኛሉ፤ አንዱ ቀለበት ከወለቀ የቀረው የቃል ክምር ብቻ ነው። አራተኛ ክፍልን ያለ ችግር ያለፈ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሲገባ በድንገት ደካማ መስሎ የሚታየው ይህን ሰንሰለት እንዲይዝ ስለሚጠየቅ ነው። እስከዚያ የተጠየቀው «ምን?» እና «መቼ?» ነበር፤ «ስለ ምን?» ተብሎ የሚጠየቀው አሁን ነው።

አሁን የዚህ ልጅ አባት ያልተማረ ነው ይባል። ይህ አባት ግን ከብቱን እየነዳ በየዓመቱ ከደጋው ወደ ባሕሪ ወርዷል፤ ጉሙ ከቍልቍለቱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፥ ሣሩ በየትኛው ሸንተረር ላይ አስቀድሞ እንደሚበቅል፥ ነፋሱ ከየት ሲነፍስ ዝናም እንደሚያመጣ ያውቃል። ምናልባት መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰው ይህን ያህል አያውቅም። ልጁ ያነበበውን ለአባቱ ቢነግር፥ አባቱም ያየውን ለልጁ ቢነግር፥ በአንድ ማታ የሚገኘው ዕውቀት መምህሩ በሳምንት ሊሰጠው የማይችል ነው። ያልተማረ ወላጅ ለአምስተኛ ክፍል ልጅ የማይጠቅም መስሎት ዝም ማለቱ ከጉዳት ሁሉ የከፋ ጉዳት ነው። ደብተሩን ማረም አይችል ይሆናል፤ መጠየቅ ግን ይችላል። «ይህ ስለ ምን ሆነ? ከየት ዐወቅኸው? አንተ ራስህ አይተኸው ታውቃለህ?» ብሎ ለመጠየቅ ፊደል መቍጠር አያስፈልግም። ልጁም መልሱን ለማያውቅ ሰው ሲያስረዳ ያልገባውን ስፍራ ራሱ ያገኘዋል፤ ለሚያውቅ መምህር ሲመልስ ግን ግማሹን ቢያስቀር መምህሩ ይሞላለታል።

የቋንቋውም ነገር ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። በትርጕም ሥራ የኖሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፤ አንድን ነገር ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ማሻገር ያልቻለ ሰው ነገሩን በፊተኛውም ቋንቋ አልያዘውም። ልጁ በእንግሊዝኛ «ኢቫፖሬሽን» የሚለውን ቃል ከነአጻጻፉ ያጠናል፤ በፈተናም ላይ አንድ ፊደል ሳያጐድል ይጽፈዋል፤ በቤቱ ቋንቋ ምን ማለት እንደ ሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። እናቱ በምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት አሳይታ «ውሃው እያነሰ ሄዷል፤ ወዴት ገባ?» ብትለው፥ ያ ባዶ ቃል ሥጋ ለብሶ በፊቱ ይቆማል። ስለዚህ በየማታው ልጁ በትምህርት ቤት ቋንቋ ከተማረው አንዱን ነገር በቤቱ ቋንቋ እንዲናገር ማድረግ ለወላጅ የተሰጠ ሥራ ነው። ቋንቋው ትግርኛም ቢሆን፥ ትግረም ቢሆን፥ ሳሆም ቢሆን፥ አማርኛም ቢሆን ልዩነት የለውም።

አንዳንድ ቤተ ሰብ ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ልጁ ቶሎ እንዲሠለጥን በማለት በቤት ውስጥ የእናቱን ቋንቋ ይከለክለዋል፤ ወላጆቹም ራሳቸው በማይጠነቅቁት እንግሊዝኛ ያናግሩታል። ልጁ ከወላጆቹ የሚሰማው ጥቂት የትእዛዝ ቃል ብቻ ይሆናል፤ ተረቱ፥ ምክሩ፥ ክርክሩና ቀልዱ ይቀርበታል። በዚህም የተነሣ በአንደኛው ቋንቋ ሳይጸና ሁለተኛውን ይጀምርና በሁለቱም የሚኰላተፍ ይሆናል። (በአሥመራ ጐዳና ሕፃናት ትግርኛውን ከዓረብኛው፥ ከኢጣልያንኛውም ቅሬታ ጋራ አደባልቀው ሲጫወቱ የሰማ ሰው ቋንቋ መብዛቱ አእምሮን ያደክማል ለማለት ይቸገራል።) ለአዲሱ ቋንቋ የሚያስፈልገው ጊዜና የሚነበብ መጽሐፍ ነው እንጂ የፊተኛውን ማስረሳት አይደለም። ደግሞም ማስተማሪያው ቋንቋ በተለወጠ ጊዜ፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተናጋሪ የነበረው ልጅ ዝምተኛ ቢሆን ወላጅ ሊደነግጥ አይገባም። ልጁ እየሰማ ነው። በዚያ ወራት «ደንቆሮ» ተብሎ የተሰደበ ልጅ ዝምታው ጠባይ ሆኖበት ይቀራል።

በሒሳብ በኩል የሚመጣው ትልቁ ለውጥ ክፍልፋይ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ የሚያውቀው ቍጥር በጣት የሚቈጠር፥ ሲደመር የሚበዛ፥ ሲባዛ ደግሞ ይልቅ የሚበዛ ነው። ክፍልፋይ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። 4 ከ3 እንደሚበልጥ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማረ ልጅ፥ አንድ አራተኛ ከአንድ ሦስተኛ ያንሳል ሲባል መምህሩ የተሳሳተ ይመስለዋል፤ ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ይሆናል ሲባልም ማባዛት እንዴት ያሳንሳል ብሎ ይገረማል። መገረሙ ደግ ነገር ነው፤ የሚያስብ ልጅ መሆኑን ያስረዳልና። ነገር ግን ይህ መገረም መልስ ሳያገኝ ያለፈ እንደ ሆነ፥ በኋላ የሚመጣው አሥርዮሽ፥ መቶኛ፥ ወለድና ምጥጥን ሁሉ መሠረት በሌለው ግንብ ላይ ይሠራል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በየቤቱ አለ፤ አንድ ሕምባሻ ለሦስት ሰውና ለአራት ሰው ሲቈረስ የማን ድርሻ እንደሚያንስ የማያውቅ ልጅ የለም። በገበያ የምትውል እናትም የአንድ ኪሎ ከሩብ ቡና ዋጋ በአእምሮዋ ስታሰላ ዝም ብላ ከምታሰላ ድምፅዋን አሰምታ ብታሰላ ልጇ ከጐኗ ቆሞ ይማራል። በቃል መያዝ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር የማባዣው ሠንጠረዥ ነው፤ እርሱን በአራተኛ ክፍል ያልያዘ ልጅ በስድስተኛ ክፍል አሳቡ ትክክል ሆኖ ሳለ መልሱ ይሳሳትበታል።

እንዲህም ስለ ሆነ የነጥብ መውረድ የሚጠበቅ ነገር ነው። በሦስተኛ ክፍል ከመቶ 90 ያገኝ የነበረ ልጅ በአምስተኛ 70 ቢያገኝ ሰነፈ ማለት አይደለም፤ የሚወጣው ዳገት ተለውጧል። ወላጅ ግን በሪፖርቱ ካርድ ላይ አስቀድሞ የሚፈልገው ነጥቡን ሳይሆን «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ነው። ደረጃ ማን ከማን እንደ ቀደመ ይናገራል እንጂ ልጁ ምን እንደሚያውቅ አይናገርም፤ ደካሞች በበዙበት ክፍል ሦስተኛ የወጣ ልጅ፥ ብርቱዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ሃያኛ ከወጣው ልጅ ያነሰ ሊያውቅ ይችላል። ይልቅስ የትኛው ትምህርት ወረደ፥ የወረደውስ ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ነጥቡ በሁሉም ትምህርት አንድ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከንባብ፥ ከጤና ወይም ከቤት ነው፤ በአንዱ ብቻ የወደቀ እንደ ሆነ ግን የቀረበት አንድ ትምህርት አለ ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ነው። በታችኛው ክፍል ልጁን ከጧት እስከ ማታ የሚያውቀው አንድ መምህር ነበረ፤ በላይኛው ክፍል ግን በብዙ ትምህርት ቤት መምህሩ በየትምህርቱ ይለያያል፤ ሁሉም ልጁን በከፊል ያውቀዋል፤ ሙሉውን የሚያውቀው ማንም የለም። ሙሉውን ሊያውቅ የሚችል ወላጁ ብቻ ነው። ወላጅ ግን ከመምህሩ ፊት ሲቀርብ የሚናገረው ቃል የታወቀ ነው፤ «ካጠፋ ይግረፉልኝ» ብሎ፥ እጅ ነሥቶ፥ ይመለሳል። ለመምህሩ አክብሮት የተሰጠ ይመስላል፤ ነገር ግን ምንም አልተጠየቀም፤ ምንም አልተሰማም። አለንጋ ክፍልፋይን ለማንም አስረድቶ አያውቅም። ይልቁንም የማያውቀውን መጠየቅ በሚገባው ዓመት ልጁን እንዳይጠይቅ ያስተምረዋል። «የኔታ፥ ልጄ ከትምህርቱ የትኛው ስፍራ ላይ ይደናቀፋል? በቤት ሳለ ምን ባሠራው ይረዳዋል?» የሚል ወላጅ መምህሩን ይበልጥ አክብሮታል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ወላጅ ልጅም በመምህሩ ዓይን ከብዙ ልጆች መካከል ተለይቶ ይታወቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የጊዜ ነገር ይመጣል። ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ውሃ ይቀዳል፤ ከብት ይጠብቃል፤ በሱቅ ይላላካል፤ በመከር ጊዜ ነዶ ይሸከማል። ድሀ ቤት ያለ ልጅ ጉልበት ይኑር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሒሳቡ ይታሰብ፤ በሳምንት አንድ ቀን የሚቀር ልጅ፥ ትምህርቱ 40 ሳምንት ቢሆን፥ 40 ቀን ቀረ ማለት ነው፤ ይህም ስምንት ሙሉ የትምህርት ሳምንት ነው። በአንደኛ ክፍል የቀረበት ፊደል በሚመጣው ሳምንት ተመልሶ ይገኛል፤ በአምስተኛ ክፍል ግን ክፍልፋይ የሚደመርበት ሳምንት አንድ ጊዜ ካለፈ መምህሩ ወደ ሚቀጥለው ይሻገራል። ከደጋው ወደ ባሕሪ ከከብቶቻቸው ጋራ መውረድ ልማዳቸው ለሆነ ቤተ ሰቦች ነገሩ የባሰ ነው፤ የሚወርዱበት ወራት በትምህርቱ ዘመን መካከል ይውላልና። ልጁን ከዘመድ ዘንድ ማስቀመጥ የሚቻል ከሆነ ይህን የመሰለ የለም፤ የማይቻል ከሆነ ግን ሳይነግሩ ከመጥፋት ለመምህሩ አስቀድሞ መንገር፥ በነዚያ ሳምንታት የሚማሩትን ገጾች አስምሮ መቀበል፥ መጻሕፍቱንም ከስንቁ ጋራ መጫን ይቻላል። በከተማ ላለው ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ብርሃንና ጠረጴዛ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሰው ሲኖር፥ ሬዲዮኑ ወይም ቴሌቪዥኑ ለአንድ ሰዓት ተዘግቶ መብራቱ ለልጁ ቢለቀቅ ገንዘብ አያስወጣም።

ይህ ሁሉ በሴት ልጅ ላይ እጥፍ ይሆናል። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ እርስዋ ግን ማድቤት ትገባለች፤ ደብተሯን የምትከፍተው ቤቱ ሁሉ ከበላና ዕቃው ከታጠበ በኋላ ነው። ነጥቧ ሲወርድ «ሴት ልጅ አእምሮዋ ለዚህ አልተፈጠረም» ይባላል፤ የጐደለው ግን ሁለት ሰዓት ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ 11 ወይም 12 ዓመት ይሆናታል፤ ሰውነቷ መለወጥ የሚጀምረው፥ የወር አበባም በብዙዎች ላይ የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ገደማ ነው። እናት አስቀድማ ያልነገረቻት ልጅ በክፍል ውስጥ ደም ባየች ቀን ትደነግጣለች፤ ታፍራለች፤ በሚመጣውም ወር እንዲሁ እንዳይሆንባት ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ስለ እንደዚህ ያለ ነገር መናገር ነውር ነው የሚል እናት ሁሉ፥ የልጅዋን ከትምህርት ቤት መቅረት ከዚያ ነውር ጋራ ትመዝነው። የመታጠቢያና የመጸዳጃ ስፍራ ለሴቶች ልጆች ተለይቶ መኖሩን ከትምህርት ቤቱ ኃላፊ መጠየቅም የወላጅ መብት ነው።

ሽማግሌ የሚላከውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ወዲያ ነው። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ደግሞ ለወንድም ለሴትም ወደ 18 ከፍ አደረገው። የስድስተኛ ክፍል ልጅ በአሮጌውም ሕግ ሆነ በአዲሱ ለጋብቻ አትደርስም። ልጅዋ እንድትማር የፈለገች እናት ለሚመጡት ሽማግሌዎች የምትመልሰው ቃል ሕጉን ተመርኵዞ የቆመ ነው፤ ማፈር አያስፈልጋትም።

ወላጅ በዚህ ዕድሜ ሊያይ የሚገባው ሌላም ጥቂት ነገር አለ። የሩቁን አለማየት በብዙ ልጆች ላይ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነውና፥ ሰሌዳውን ለማንበብ ዓይኑን የሚያጨንቍር ወይም ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ከመቀጣቱ በፊት ዓይኑ ይመርመር። ቍርስ ሳይበላ የሄደ ልጅም በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚሰማው የሆዱን ድምፅ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እፍረት ነው። ልጁ ወላጁን በትምህርት ባለፈ ቀን ሁለቱም ይተፋፈራሉ። አባት «ይህ አልገባኝም» ማለት ክብሩን የሚቀንስበት ይመስለውና ደብተሩን ሳያይ ይመልሳል፤ ልጅም አባቱ እንደማያውቅ ሲገባው መጠየቁን ይተዋል፤ ቀስ በቀስም ያልሆነውን ሆነ ብሎ መንገር ይጀምራል። ይህ ቀን በየቤቱ የሚደርስ ነው፤ አራት ክፍል ለተማረው በአምስተኛ፥ ምንም ላልተማረው ገና በአንደኛ፥ አሥራ ሁለት ክፍል ለተማረውም ዘግይቶ ይደርሳል። «እኔ እዚህ ድረስ ነው የተማርኩት፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን አንተ ታስተምረኛለህ» ብሎ በግልጥ የተናገረ አባት ክብሩ አይቀንስም፤ ልጁ ባነበበ ቍጥር አባቱ የሚጠብቀው ስላለ ያነባል።

በዓመቱ መጨረሻ ፈተና ይመጣል። ልጁ ቢወድቅ፥ ክፍሉን መድገም ሞት አይደለም፤ ነገር ግን እንዲያው መድገም ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። ያው ልጅ፥ ያው ሰዓት፥ ያው ማድቤትና ያው መስክ ከተመለሰ በሚመጣው ሰኔ ያው ውጤት ይመለሳል። ስለዚህ ካርዱ በተሰጠ ሳምንት፥ ገና ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ፥ ወላጅ ወደ መምህሩ ሄዶ የወደቀበትን ምዕራፍ በስሙ ይጠይቅ፤ ሐምሌና ነሐሴም ለዚያ ለአንድ ምዕራፍ ይዋሉ፤ በቀን አንድ ሰዓት ይበቃል። ያለፈውም ልጅ ቢሆን የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፉን፥ በእጁ የሚቀር ከሆነ፥ ለሻጭ ወይም ለሱቅ መጠቅለያ አይስጥ፤ ክፍልፋይ የሚጀመረው በነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ነውና ስድስተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ድረስ በቤት ይቀመጡለት።